«ሶሪ»፦ ሐዘን ነው ወይስ ይቅርታ?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው የሚፈራቸው ቃላት ረጃጅሞቹና ከላቲን የተወረሱት ይመስሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የሕግ ወይም የሕክምና ቃል ቢቸግር መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ባለሙያ ይጠየቃል፤ አቻ ቢታጣለትም እንዳለ ይወሰድና በግርጌ ይብራራል። የሚያስቸግሩት ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቃቸው አጫጭሮቹ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ሶሪ» ነው። ይህን ቃል ዛሬ አዲስ አበባም ይኑር ናይሮቢ፣ ካምፓላም ይኑር ጁባ፣ አማርኛ ተናጋሪው ሳይተረጉመው ይናገረዋል። በጠባብ መተላለፊያ ሰው ሲጋፋ «ሶሪ» ይላል፤ ስልክ ተቆራርጦበት ያልሰማውን ሲያስደግም «ሶሪ?» ይላል፤ ከቀጠሮ አንድ ሰዓት አርፍዶ ሲደርስ «ሶሪ» ይላል፤ እናቱ የሞተችበትን ባልንጀራ በስልክ አግኝቶም «ሶሪ» የሚል አይጠፋም። የሚናገረው ሰው በአራቱም ቦታ አንድ ነገር ያለ ይመስለዋል። የሚተረጉምለት ሰው ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ይሰማል።

እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን ከየት እንዳመጣው ማየት ይጠቅማል። ብዙ ሰው «ሶሪ» ሐዘን ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም፣ ከ«ሶሮው»፣ የተወለደ ይመስለዋል፤ ድምፃቸው ይቀራረባልና። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ግን ጥንተ ዘሩ ቁስልንና የሚያም ቦታን ከሚያመለክተው «ሶር» ከሚለው ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ ሕመም የተሰማው፣ ያዘነ ማለት ነው። ስለዚህ «ሶሪ ነኝ» የሚል ሰው በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ «ያመኛል» ማለቱ ነው። ያመመው ስለ በደለ ይሁን፣ ወዳጁ ስለ ተጎዳበት ይሁን፣ ወይስ ለጉዞ ባሰበበት ቀን ዝናብ ስለ ጣለ ይሁን፣ ቃሉ አይናገርም። ከስም በፊት ገብቶ ቅጽል ሲሆንማ ጭራሽ ወደ ንቀት ይዞራል፤ «ሶሪ» የተባለ ሰበብ የማይረባ ሰበብ ነው፣ «ሶሪ» የተባለ ቤትም የተጎሳቆለ ቤት ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ቆጣቢ አይደለም። ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለው። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ «አላህ ያሽርህ» አለው። ለደከመና ለደነገጠ «አይዞህ» አለው። ተደናቅፎ ለወደቀ ደግሞ «እኔን!» አለው፤ ሲረዝምም «እኔን ይድፋኝ»። በዚህ የመጨረሻው ቃል ላይ ጥቂት ብንቆይ አይከፋም። ተናጋሪው አላጠፋም፣ አልገፋም፣ ምናልባትም የወደቀውን ሰው አያውቀውም፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከዚያ ሰው ተነሥቶ በራሱ ላይ እንዲወርድ በአፉ ይፈርዳል። ከፍቅር የሚመነጭ፣ በራስ ላይ የሚወርድ ርግማን ነው ማለት ይቻላል። «ሶሪ» ከሚሸከማቸው ትርጉሞች አንዱን ብቻ ለመግለጽ አማርኛ ይህን ያህል ርቆ ይሄዳል።

በደል ሲኖር ግን ቃሉ ሌላ ነው። «ይቅርታ» ሥሩ «ቀረ» ነው። «ጉዞው ይቅር»፣ «ግብዣው ይቅር» እንደምንለው ሁሉ፣ «ይቅር በለኝ» ያለ ሰው የሠራሁት አይነሣብኝ፣ ሒሳቡ ይተውልኝ ማለቱ ነው። ሒሳቡ ያለው በተበዳዩ እጅ ነውና ቃሉ ልመና ነው፤ ልመና ደግሞ እንቢ ሊባል ይችላል። ለ«ሶሪ» ግን እንቢታ የለውም። «ያመኛል» ላለ ሰው «አያምህም» ብሎ ከመሟገት በቀር ምን መልስ ይሰጠዋል? ከሁለቱ መካከል የቆመው «አዝናለሁ» ነው፤ እርሱም ቢሆን ያለ ማያያዣ ብቻውን መቆም አይወድም። «አዘንኩለት» ስንል ራራሁለት፣ «አዘንኩበት» ስንል ቅር ተሰኘሁበት ማለታችን ነው። «ማመልከቻዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን ስንገልጽ እናዝናለን» የሚለውን፣ በዚህ አካባቢ የሚኖር ስደተኛ አገራችን ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር የወለደው ግን የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ነው። በዚያ «እናዝናለን» ውስጥ ማን እንዳዘነ፣ ለማን እንዳዘነ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ያየሁትን ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በናይሮቢ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ለአንድ ቤተሰብ እንዳስተረጉም ተጠርቼ ነበር። ልጃቸው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዐርፎባቸዋል። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠና አባትየውን እያየ «አይ አም ሶ ሶሪ» አለ። አባትየው እንግሊዝኛ ባይችሉም ይህችን ቃል ያውቋታል። እኔ አፌን ሳልከፍት ወደ እኔ ዞረው «ምን አድርጎ ነው ይቅርታ የሚለው?» አሉ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። ሐኪሙ ሐዘኑን መግለጹ እንደ ሆነ እገምት ነበር፤ ግምቴን ግን ትርጉም አድርጌ የማቅረብ መብት አልነበረኝም። ስለዚህ ጥያቄያቸውን እንዳለ ለሐኪሙ አቀረብኩለት። ደነገጠ። ከዚያም የተደረገውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ የሚቻለው ሁሉ መደረጉን ተናግሮ፣ «ሶሪ ያልኩት ልጅዎን ማዳን ባለመቻሌ ስላዘንኩ ነው» አለ። አባትየው ያስተረጎምኩላቸውን ሰምተው ጥቂት ቆዩና «እንግዲያስ እሱንም ያጽናው» አሉ።

የሐኪሙ ቋንቋ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል የሚናገር ባይሆን ኖሮ ያ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ጥያቄው ባይነሣ ደግሞ ያ ሁሉ ማብራሪያ ባልተሰጠ ነበር። የትኛው እንደሚሻል መወሰን ይከብደኛል።

በምሥራቅ አፍሪካ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ ያበለጽገዋል። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ሁለቱን ይለያል፤ ለተጎዳ፣ ለደከመና ለሐዘንተኛ «ፖሌ»፣ ለበደሉት ሰው ደግሞ «ሳማሃኒ» ይባላል። ኬንያዊው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን «ፖሌ»ንም በ«ሶሪ» ያስገባዋል። ማታቱ ውስጥ ሲገቡ ራስዎን ከበሩ ጋር ቢያጋጩ የማያውቁት ጎረቤትዎ «ሶሪ» ይልዎታል። ከለንደን የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ «አንተ ምን አደረግህ? ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ይላል። ለሞት ሲሆን እርሱም «ሶሪ» ይል ነበር፤ ለእንቅፋት ግን አይልም፣ ለእንቅፋት «ሶሪ» የሚል ያስደናቀፈው ሰው ነውና። የናይሮቢው ሰው ግን ያለው «እኔን!» ነው። ለሌላው ሕመም ለማዘን ጥፋተኛ መሆን እንደማያስፈልግ በቋንቋው ያውቃል። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው የሚያርሙ መምህራን አሉ፤ እኔ ባይታረም እመርጣለሁ።

ሆኖም መልካሙ ልማድ ለክፉው መደበቂያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እግረኛ የገጨ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ «ሶሪ» ሲል፣ በዙሪያው የተሰበሰቡት አላፊ አግዳሚዎች ሁሉ «ሶሪ» እያሉ ነው። ቃሉ አንድ ነው። ገጪው ከአዛኞቹ መካከል ገብቶ ይቆማል፤ ከእነርሱ አንዱን ይመስላል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ወይ «እኔን!» ብሎ ከተመልካች ጎን መቆም፣ ወይ «ይቅርታ» ብሎ ከወደቀው ሰው ፊት መቆም ይኖርበት ነበር፤ የትኛውን እንደ መረጠም ሁሉም ሰው ይሰማ ነበር። በእንግሊዝኛ መምረጥ አይጠበቅበትም።

እንዲህ በማለቴ «ይቅርታ» ነቀፋ የሌለበት ቃል ነው ማለቴ አይደለም። የተበዳዩን እጅ ሥልጣን የሚሰጥ ቃል ያንኑ ሥልጣን ሊቀማም ይችላል። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጅ የቆመ በዳይ እንቢ ለመባል አይደለም የመጣው። ሽማግሎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር በል» ሲሉ፣ ተበዳዩ እንቢ ካለ ጥፋቱ ከበዳዩ ተነሥቶ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ «ልበ ደንዳና» የሚባለው እርሱ ነው። በባሏ የተደበደበች ሴት ከዚህ ጉባኤ ፊት ስንት ጊዜ «እሺ» እንዳለች የአገራችን ሰው ያውቃል። የደቡብ አፍሪካው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን የተቋቋመበት የ1995 ሕግ፣ ምሕረት ጠያቂው የፈጸመውን ወንጀል ሙሉ በሙሉ እንዲናገርና ድርጊቱ የፖለቲካ ዓላማ እንደ ነበረው እንዲያስረዳ እንጂ እንዲጸጸት ወይም ይቅርታ እንዲጠይቅ አላስገደደም። ብዙዎች ይህን ነቅፈውታል። እኔ ግን ሕግ አውጪዎቹ የገባቸው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ በግዴታ የተገኘ «ይቅርታ» ተመልሶ «ሶሪ» ይሆናልና።

በእኛም አገር ቃሉ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። በሕጋችን «ምሕረት» እና «ይቅርታ» ሁለት ነገሮች ናቸው፤ «ይቅርታ» የሚሰጠው ተፈርዶበት ለሚጠይቅ ነው፣ መጠየቅ ደግሞ ማመን ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ታስረው የእድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 2007 በሽማግሌዎች አደራዳሪነት ሰነድ ፈርመው በይቅርታ ተፈቱ። ከእነርሱ አንዷ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለ አፈታታቸው በስዊድን የተናገሩት «ይቅርታ አልጠየቅሁም ብለዋል» ተብሎ በታኅሣሥ 2008 እንደገና ታሰሩ፤ የእድሜ ልክ ፍርዱም ተመለሰባቸው። በዚያው ሰሞን «ቃሌ» በሚል ርእስ የጻፉት ጽሑፍ በብዙዎች ዘንድ ተነበበ። የተፈቱት በጥቅምት 2010 ነው። ስለ ፖለቲካው ሁሉም የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል፤ ለተርጓሚ ግን የሚያስደነግጠው አንድ ሰው የሁለት ዓመት ያህል ነፃነቱን ያጣበት ክርክር «ይቅርታ» የሚለው ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ምን ማለት ነበር የሚል መሆኑ ነው።

መንግሥታት ይህን በሚገባ ያውቃሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ በእጃቸው ያለው ቃል ምን ያህል ምቹ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጭቶ ቻይናዊው አብራሪ ሕይወቱ ሲጠፋ፣ የአሜሪካው አውሮፕላን ያለ ፈቃድ በሃይናን ደሴት ዐረፈና 24 ሠራተኞቹ ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ይጠየቅ አለች፤ አሜሪካ አላጠፋሁም አለች። ከዐሥር ቀን በኋላ አምባሳደር ጆሴፍ ፕሩኸር የፈረሙበት ደብዳቤ ሲሰጥ በውስጡ «ቬሪ ሶሪ» የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ነበረበት፤ አንደኛው ለአብራሪው ሞት፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ስለ ማረፉ። የቻይና መገናኛ ብዙኃን ወደ ይቅርታ በሚያደላ የቻይንኛ ቃል ተርጉመው ለሕዝባቸው አቀረቡት፤ ዋሽንግተን ደግሞ ይቅርታ አልጠየቅንም አለች። ሁለቱም አልዋሹም። ሠራተኞቹም አገራቸው ገቡ።

ያ ደብዳቤ በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሚፈርመው አይገኝም ነበር። ስለዚህ የቃሉን ብዥታ እንደ ጉድለት ብቻ ማየት አይገባም፤ 24 ሰዎችን ያስፈታ ብዥታ ነው። ተርጓሚ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲይዝ ብዥታውን «የማጽዳት» ፈተና ይመጣበታል። ይቅርታ ቢለው ላልጠየቀው ሰው ይቅርታ ይጠይቅለታል፤ ሐዘን ቢለው ምናልባት የጠየቀውን ይነጥቀዋል። ተናጋሪው በአጠገቡ ካለ ይጠይቀው፤ ከሌለ ደግሞ ብዥታው የተናጋሪው ንብረት ነውና «በጣም አዝነናል» ብሎ፣ አንባቢው እንደ ፈለገ እንዲፈርድ መተው ይሻለዋል እላለሁ። አማርኛው ቅር የሚያሰኝ ይሆናል፤ ቅር ማሰኘቱ ግን ትክክለኛ ትርጉም ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ክርክሩ ከዚህ ተቃራኒ ነበር። በዚያ ከወላጆቻቸው በመንግሥት እጅ ስለ ተነጠቁ የጥንት ነዋሪዎች ልጆች የሚያትት ዘገባ በ1997 ሲወጣ ይፋዊ ይቅርታ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ1999 ለፓርላማ ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ «ጥልቅና ልባዊ» የሆነ ጸጸት የሚል ቃል አስገቡ እንጂ «ሶሪ» የሚለውን አላስገቡም። የዛሬው ትውልድ ላልሠራው ሊጠየቅ አይገባም ባይ ነበሩ። በግንቦት 2000 በሲድኒ ድልድይ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲሰለፍ አውሮፕላን በሰማይ ላይ በጢስ የጻፈው ያንኑ አንድ ቃል ነበር። ኬቪን ራድ የካቲት 13 ቀን 2008 በፓርላማ ሲናገሩት ያለቀሱ ብዙዎች ናቸው። ልብ የሚነካው ነገር ግን ሌላ ነው። በጥንት ነዋሪዎቹ እንግሊዝኛ «ሶሪ ቢዝነስ» የሚባለው ለቅሶና የቀብር ሥርዓት ነው። የነጮቹ ፖለቲከኞች «ሶሪ ካልን ጥፋተኛ እንሆናለን» ብለው ዐሥር ዓመት ሲሟገቱ፣ በደሉ የደረሰባቸው ሰዎች ቋንቋ ቃሉን ከለቅሶ ቤት ያውቀዋል። ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት በእኛም ዘንድ ምን እንደሚባል አንባቢ አይጠፋውም።

ሕግ አዋቂዎች በበኩላቸው ቃሉን ከመዘዙ ለማላቀቅ ሞክረዋል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1986፣ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006፣ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ባወጣችው የካሣ ሕግ «ሶሪ» ማለት በራሱ ጥፋትን እንደ ማመን እንዳይቆጠር ደንግገዋል፤ የማሳቹሴትሱ የአዘኔታን ቃል ብቻ ሲመለከት የሌሎቹ ይቅርታን ጭምር ይሸፍናል። ሐኪም በነፃነት እንዲያዝን ከሆነ ደግ ነው። በዳይ በነፃ ይቅርታ እንዲጠይቅ ከሆነ ግን፣ ዋጋ የማይከፈልበት «ይቅርታ» ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም።

እዚሁ ኬንያ ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት ማው ማው በተባለው ዐመፅ ዘመን በእስረኞች ላይ ስለ ፈጸመው ማሠቃየት አረጋውያን ከሳሾች ለንደን ድረስ ሄደው በ2011 እና በ2012 መክሰስ እንደሚችሉ ተፈረደላቸው። ሰኔ 6 ቀን 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ ለ5,228 ሰዎች ወጪን ጨምሮ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚከፈል ለምክር ቤታቸው አስታወቁ። በደሉ በመፈጸሙ መንግሥታቸው ከልብ «ሪግሬት» እንደሚያደርግ ተናገሩ፤ በዚያው ንግግር በሕግ ተጠያቂ አለመሆናቸውን ጨመሩ። ይህን ቃል «ይጸጸታል» ብሎ የተረጎመ ሰው ተሳስቷል። በአማርኛ የሚጸጸት የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው በሠራው አይጸጸቱበትም። እንግሊዝኛው ግን ነገሩ በመሆኑ መጸጸትን ይፈቅዳል፤ አድራጊ የሌለበት ጸጸት ነው። ንጉሥ ቻርልስም ጥቅምት 31 ቀን 2023 በናይሮቢ የመንግሥት ግብዣ ላይ ከዚህ የበለጠ ከበድ ያለ ንግግር አድርገዋል፤ ግፉ ሰበብ ሊቀርብለት እንደማይችል፣ ታላቅ ሐዘንና ጥልቅ «ሪግሬት» እንደሚያሳድር ተናግረዋል። የመብት ተሟጋቾች አስቀድመው የጠየቁት ግልጽ ይቅርታ ግን በቃላቱ መካከል አልተገኘም።

በማግሥቱ፣ ኅዳር 1 ቀን 2023፣ በጎረቤት ታንዛንያ የሶንጌያ ከተማ የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር ከ1905 እስከ 1907 በተካሄደው የማጂ ማጂ ጦርነት ከ200,000 እስከ 300,000 እንደሚደርሱ የሚገመቱ ሰዎች ባለቁበት ምድር ቆመው ንግግር አደረጉ። ጀርመኖች በአያቶቻችሁ ላይ ስለ ፈጸሙት ይቅርታ እለምናችኋለሁ አሉ። በአማርኛ ለመተርጎም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ «ይቅርታ እለምናለሁ» ብሎ ማለፍ ነው። የለማኝነቱ ቦታ ከተለማኙ ጋር ቦታውን ይዟል። የካሣው ጉዳይ ሌላ ክርክር ነው፤ በዚያ ንግግርም አልተፈታም።

በዚያ ከተማ በ1906 በጀርመኖች የተሰቀሉት አለቃ ሶንጌያ ምባኖ ናቸው፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። ቤተሰቦቻቸው ወደ ጀርመን ተወስዷል የሚሉትን የራስ ቅላቸውን ለብዙ ዓመታት ሲፈልጉ ኖረዋል። ፕሬዚዳንቱ ከዘመዶቻቸው ጋር ተገናኝተው፣ አገራቸው ፍለጋውን እንደምትረዳ ቃል ገቡ፤ እንደሚገኝ ግን ቃል ሊገቡ እንደማይችሉ ተናገሩ። ይቅርታው የተጠየቀው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ከልመናው በኋላ እነርሱ ደግሞ በፊት የጠየቁትን ደግመው ጠየቁ፤ ራሱ የት ነው?